ስባሪ ስንዴ ጉድፍ የሆነበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ወዳለ ሱቅ ዱቄት ልገዛ ገባሁ። ከረጢቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ከባዕድ ነገር የጸዳ» ተብሎ ተጽፏል። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ያነበብኩትን ቃል «ምን ለማለት ነው?» ሳልል ማለፍ ዛሬም አልሆነልኝም። ባለሱቋ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ወጣት ናት። «የኔ ልጅ፣ ባዕድ ነገር ስትሉ ምን ምኑን ነው?» አልኳት። ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ «ጉድፍ የለውም ማለት ነው፣ አባባ» አለችኝ። «ጉድፍስ ምንድን ነው?» አልኩ። «ወይ አባባ! ጉድፍ ጉድፍ ነዋ!» ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ ሳቀ። እኔም ስቄ ዱቄቴን ተሸክሜ ወጣሁ። ግን ነገሩ እስከ ቤቴ ድረስ አልለቀቀኝም። ጉድፍ ዝም ብሎ ጉድፍ አይደለም። ጉድፍ ምን እንደሆነ ለመወሰን ሁለት ባልቴቶች አንድ ሙሉ ረፋድ ሲከራከሩ፣ ቄሰ ገበዝ ሲፈርዱ፣ እኔም ላስረዳ ብዬ በጫማ ጫፍ ስመታ በቦታው ነበርኩ።

ያኔ ከማሠልጠኛ የወጣሁ ትኩስ አስተማሪ ነበርኩ። የተመደብኩት ከሮብ ገበያ አልፎ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ፊቱን ካዞረ መንደር ነው። ዘመኑ የማን ዘመን እንደነበር አልናገርም፤ የለበስኩትን ብናገር ይበቃል። ከታች የሚሰፋ ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻዬ ላይ የሚተኛ ቴትረን ሸሚዝ፣ ከኋላ ኪሴ ብቅ ያለ የእንጨት ሚዶ፤ ፀጉሬ ደግሞ ወደ ቤት ስገባ ከእኔ ቀድሞ የሚገባ። ሮብ ገበያ የሚያደርሰን በገበያው ቀን የሚወጣ የጭነት መኪና ነበር። ጨው፣ ሳሙና፣ ነጋዴ ሴቶች፣ በጎችና እኔ አንድ ላይ ተጭነን እንወጣለን፤ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ሴቶቹ «እመ ብርሃን!» ይላሉ፣ በጎቹ ዝም ይላሉ። ደመወዝ ስቀበል ወደ ማርቆስ እወርድና ከፖስታ ቤቱ ማዶ ከነበረችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ አምባሻ በአሥራ አምስት ሳንቲም አዝዤ፣ የጎረቤቷ ሙዚቃ ቤት ያቺኑ አንድ የክራር ዘፈን እየመላለሰ ሲያሰማን በዓይን እስኪያባርሩኝ ድረስ እቀመጥ ነበር። ዛሬ ሻይ ቤቷ ስልክ መሸጫ ሆናለች። ዘፈኗን አንዳንዴ በታክሲ ውስጥ እሰማታለሁ፤ ዘፋኙ ሌላ ነው፣ ክራሩም የለም። ሹፌሩ «የድሮ ናት» ይለኛል፣ እንደማላውቅ ሰው።

የተከራየሁት የእትዬ አንጓችን ጓዳ ነበር። እትዬ አንጓች ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ሞጣ የተዳረች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው በመጣች ቁጥር «እማዬ፣ ቤቱን ዝጊና ነይ እኔ ጋ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ «ሞጣ ውሃው ይሞቃል» ይሏታል። ሞጣ ሄደው አያውቁም። ከዚህ ቤት፣ ከዚህች ደጃፍ፣ ከአጥቢያቸው ማርያም መለየት አይፈልጉም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ለእኔ ጓዳ ማከራየታቸውም «ብቻዬን አይደለሁም» ለማለት ይመስለኛል። ኪራዩን ስሰጣቸው ሳያዩት ከመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥሩታል።

የማስተምረው ሳይንስ ነው። ስለ ድብልቅ ነገሮች ስደርስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ጉድፍ ማለት በአንድ ነገር ውስጥ ሳይፈለግ የሚገኝ ሌላ ነገር ነው።» ከመጽሐፍ አልቀዳሁትም፤ ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት፣ ኮርቼበታለሁ። ከዚያ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው አንድ አንድ ጉድፍ አምጡ አልኳቸው። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ገበያ መሰለ። ከቅቤ የወጣ ፀጉር፣ ከማር የወጣ የንብ ክንፍ፣ ከሽሮ የወጣ ጠጠር፣ ከጠላ የቀረ አተላ። አተላውን ያመጣው ልጅ ላይ ሌላው ተነሣበት፤ «ቲቸር፣ አተላ ጉድፍ አይደለም፤ ላማችን ትጠጣዋለች!» አንዷ ደግሞ ስናር ይዛ መጣች። ስናር በገብስ መሀል ሳይዘሩት የሚበቅል፣ ፍሬው ቀጭን የሆነ ሣር ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛ አገር ገብሱ ከነስናሩ ይታጨዳል፣ ከነስናሩ ይፈጫል፣ ከነስናሩ ይበላል፤ ማንም ለይቶት አያውቅም። «ከስንዴ ላይ ስታገኙትስ?» አልኩ። «ከስንዴማ ጉድፍ ነው!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። እኔም ደስ ብሎኝ ከትርጉሜ ሥር «ከምን ውስጥ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል» ብዬ ጨመርኩ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ሥርዓት ማስረዳት አለብኝ፤ የከተማ አንባቢ ላያውቀው ይችላል። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርበት ስንዴ መገበሪያ ይባላል። መገበሪያ እንደ ቤት እህል በወንፊት ተነፍቶ አይታለፍም። ለቃሚዋ እህል ሳትቀምስ፣ በታጠበ እጅ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰፌድ ላይ ፍሬ በፍሬ ይለቀማል። እንክርዳድ፣ ስናር፣ ጠጠር፣ ገለባ፣ የተባይ ቅሪት አይቀርበትም። የማርያም ዓመታዊ በዓል ሲደርስ የአጥቢያችን ቄሰ ገበዝ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄስ፣ የተለቀመውን ስንዴ ነጭ ነጠላ ላይ ዘርግተው በዓይናቸው ይመረምሩታል። አንዲት ጉድፍ ከተገኘች ስንዴው ለቤት እህል ይመለሳል፤ ለዓመቱም ሥራው ለሌላ ሴት ይሰጣል። የአጥቢያው ለቃሚ እትዬ አንጓች ነበሩ፤ በእሳቸው ጊዜ ተመልሶ አያውቅም። መንደሩ ውስጥ «የአንጓች ስንዴ» ማለት እንከን የለሽ ማለት ነበር፤ ልብሷን አጥባ ያሰጣች ሴት እንኳን «ነጭነቱ እንደ አንጓች ስንዴ» ትባላለች።

የእትዬ አንጓች ዓይን መድከሙን ከሁሉ በፊት ያወቀው ጥርሴ ነው። ሽሮው ውስጥ ጠጠር መንቀጭቀጭ ጀመረ። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ አንጓች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካፖርቴን «ዛሬ ቶሎ መጣህ፣ ተቀመጥ እንጂ ምን ያስቆምሃል?» ሲሉት ደረስኩ። በሩ ላይ ሆኜ ካፖርቴ እንዳይመልስ ፈራሁ። ስገባ ዞር ብለው፣ «ምነው ሁለት ሆናችሁ?» አሉ፣ ወዲያው ገብቷቸው ሳቁ። «ለማንም እንዳትናገር» አላሉኝም። አያስፈልግም ነበር። አንድ ወሬ ከዚያ መንደር ሞጣ ለመድረስ ከጭነት መኪናው ይቀድማል፤ ልጃቸው ከሰማች ደግሞ በነጋታው ቤቱን ዘግታ ይዛቸው ትሄዳለች።

የበዓሉ ሰሞን ስንዴው መጣ፣ አንድ ቁና ሙሉ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አመሳቅለው አስረው ደጃፉ ላይ ፀሐይ የሚበዛበት ቦታ ተቀመጡ። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ይለቅማሉ፣ ያለቀውን ወደ ንጹሕ ቁና ይገለብጣሉ። እኔ ከጎን ድንጋይ ላይ ፈተና አርማለሁ። ዓይኔ ወደ ንጹሑ ቁና ሄደ። እንክርዳድ እዚህም እዚያም ተኝቷል። እንክርዳድ ስንዴ የሚመስል ቀጭን ግራጫ ፍሬ ነው፤ ሲበላ ራስ ያዞራል፤ ከጉድፍ ሁሉ ክፉው እሱ ነው። «እትዬ፣ ትንሽ ላግዝዎ?» አልኩ። «ቁርስ የበላ እጅ መገበሪያ አይነካም። አንተ ወረቀትህን ቀይ በቀይ አድርግ» አሉኝ። አሁን ምን ይደረጋል? ብናገር ልባቸው ይሰበራል። ዝም ብል በበዓሉ ዋዜማ በሕዝብ ፊት፣ ነጭ ነጠላ ላይ ይገለጣል።

በዚህ መሀል «ቤቶች! እሳት አለ?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ መጣ። እትዬ ትሁኔ ናቸው፣ የፍም መያዣ ገል ይዘዋል። ትዝ ሲለኝ ዛሬም እደነግጣለሁ፤ የዚያን ቀን እንዲመጣ የማልፈልገው ሰው ቢኖር እትዬ ትሁኔ ነበሩ። የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ አንደበታቸው ግን ከእሬት ይመራል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰርግ ላይ እትዬ አንጓች ከሠሩት ወጥ ጎርሰው፣ በእንግዳ ፊት «ጠጠር አለበት» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች እሳት ይለዋወጣሉ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ወሬ ግን አይለዋወጡም።

እትዬ ትሁኔ ሰላም ብለው ሲያልፉ ዓይናቸው ቁናው ላይ ወደቀ። ቆሙ። ቁናውን አዩ፤ ቀጥለው የእትዬ አንጓችን ዓይን አዩ፤ እንደገና ቁናውን አዩ። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«አንጓች» አሉ፣ «ይሄ ስንዴ እኮ አልተለቀመም!»

የእትዬ አንጓች እጅ ሰፌዱ ላይ ደረቀ። «ምን አልሽ?»

«አልተለቀመም ነው የምልሽ። ስባሪው ሁሉ እንዳለ ነው!»

«ስባሪው?»

«ስባሪው ነዋ! እዪው፤ ይሄ ግማሽ፣ ይሄ እሩብ። ለእመቤታችን ስባሪ ልትሰጪ ነው?»

«ስባሪ ስንዴ ከመቼ ወዲህ ነው ጉድፍ የሆነው? እናቴ ስትለቅም ስባሪ አላወጣች፣ አማቴ ስትለቅም ስባሪ አላወጣች።»

«እናትሽ ስንት ልጅ እያጠባች ነው የለቀመችው! አንቺ ምን ሥራ አለሽ? አንካሳ በግ ለስለት ትወስጃለሽ?»

«ስንዴን ከበግ ምን አገናኘው! ወሬ ልትፈልጊ መጣሽ እንጂ አንቺ እሳት አልፈለግሽም።»

እንግዲህ ስለ ጉድፍ ትርጉም ክርክር ተነሥቷል፣ እኔም አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ዝም ማለት አልቻልኩም። «እትዬ ትሁኔ፣ ይቅርታ» አልኩ ተነሥቼ፣ «ጉድፍ ማለት በአንድ ነገር ውስጥ ሳይፈለግ የሚገኝ ሌላ ነገር ነው። ስባሪ ስንዴ ሌላ ነገር አይደለም፤ ራሱ ስንዴ ነው። ጉድፍስ የሚባለው እን…»

እንክርዳዱ ነው ልል ነበር። እትዬ ትሁኔ በላስቲክ ጫማቸው ጫፍ ቁርጭምጭሚቴን መቱኝ፤ ሲመቱኝ ፊታቸው አልተለወጠም። «አስተማሪ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ወረቀትህን ዝናብ እንዳይመታው አስገባው።»

ሰማዩ ላይ ጭረት ደመና አልነበረም። ያኔ ገባኝ። ለእትዬ አንጓች እንክርዳድ አልፎሻል ማለት ዓይንሽ ጠፍቷል ማለት ነው። ስባሪ አልፎሻል ማለት ግን ክርክር ነው፤ ማንም በክርክር ዕውር አይባልም። ስንዴው ደግሞ እንደ አዲስ ይለቀማል።

«እኮ እንዳልሽው ይሁን» አሉ እትዬ አንጓች ተናደው፣ «ስባሪም ይውጣ። ማን ሊያወጣው ነው?»

«አንቺ ነሻ። እኔ ሌላ ሌላውን አያለሁ፣ አንቺ ስባሪውን ታወጫለሽ። የኔ ጣት በማጭድ ደንድኗል፤ ስባሪ የሚያዘው በጣት ነው። ሙሉው ይንሸራተታል፣ ስባሪው ይቧጥጣል።»

«እህል ቀምሰሻል?»

«ቅዳሜ ማለዳ እህል የምቀምስ አስመሰልሽኝ? አንቺስ ቀምሰሽ ይሆናል!»

እትዬ ትሁኔ ሳይባሉ ተቀመጡ። ንጹሕ የተባለውን ቁና መልሰው ሰፌዱ ላይ ዘረገፉት። እትዬ አንጓች መጀመሪያ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ስባሪ ፈለጉ። አላገኙም። ከዚያ ቀና አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጣታቸውን ስንዴው ላይ አሳረፉና እንደ ዝናብ ጠብታ ቀስ ብለው አስኬዱት። ቆመ። አንድ ስባሪ አወጡ። እንደገና ሄደ፣ ቆመ፤ አንድ ሌላ። ጥቂት ቆይተው ከእትዬ ትሁኔ ፈጠኑ። አጠገባቸው ባለች ቅል ውስጥ ስባሪው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። በዚያኛው በኩል እትዬ ትሁኔ እንክርዳዱን በግራ እጃቸው መዳፍ እየደበቁ ያከማቻሉ፤ ቅሉ ውስጥ አይጥሉትም።

ሁሉም ሊስተካከል ነው ስል ቄሰ ገበዙ በአጥሩ ብቅ አሉ። «እንዴት አረፈዳችሁ፣ መገበሪያው እንዴት ነው?» ከማለታቸው እትዬ አንጓች ዓይናቸውን ገልጠው አቤት አሉ። «እሰይ መጡልን! ይፍረዱን፣ አባ። ትሁኔ ስባሪ ስንዴ ጉድፍ ነው ብላ ሙሉውን ቁና እንደገና ልታስለቅመኝ ነው። እውነት ነው?»

«ስባሪማ» አሉ ቄሰ ገበዝ፣ እጅ መስቀላቸውን እያሳለሙ፣ «ሲያልፍ ነው የኖረው፤ ምን…»

«አባ!» አሉ እትዬ ትሁኔ። «ከላይ ሆነው አይፍረዱ። ጎንበስ ብለው ይዩት።» ለመሳለም ሲጠጉ ግራ መዳፋቸውን በነጠላቸው ሥር ከፈቱላቸው። መዳፋቸው ሙሉ እንክርዳድ ነበር።

ቄሰ ገበዝ አዩ። እትዬ አንጓችን አዩ፤ እትዬ አንጓች ፍርዱን እየጠበቁ ዓይናቸውን መልሰው ጨፍነው ጣታቸው ሥራውን ቀጥሏል። አንድ ሰው ሲያስል በእውነት ማሳሉና ጊዜ መግዛቱ ይለያል፤ ቄሰ ገበዝ ብዙ ሳሉ።

«አንጓች ልጄ፣ ትሁኔ ልክ ናት» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህች አጥቢያ ስባሪ ጉድፍ ነው። ሥራው ስለሚበዛ ለቃሚውም ሁለት ይሁን፤ አንዷ በዓይን፣ አንዷ በጣት።»

«ይኸው!» አሉ እትዬ አንጓች በድል ሳይሆን በንዴት፣ «ትሁኔ፣ ሥራ አበዛሽብን!»

«እኔ የማርያምን ሥራ አልሰለችም። አንቺ ከሰለቸሽ ተዪው።»

«ማን ይተዋል? ወግጂ!»

ሁለቱ ሴቶች እየተጨቃጨቁ ለቀሙ። በበዓሉ ዋዜማ ስንዴው ነጠላ ላይ ሲዘረጋ ሕዝቡ አፉን ያዘ፤ ሙሉ ፍሬ ብቻ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ መልክ። ያን ዓመት እትዬ አንጓች ከቀድሞ ይልቅ ተከበሩ። እኔ ግን የማልረሳው ከዚያ በፊት፣ የዚያው ቅዳሜ ማታ እራት ሲያቀርቡልኝ ያሉኝን ነው። «ትሁኔ ለአባ ምን አሳየቻቸው?» አሉኝ ድንገት። «ስባሪ» አልኩ። «ስባሪ አይቶ ሰው ያን ያህል አያስልም። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።» «ውሸት አትችልበትም» አሉ፣ «ለአስተማሪ ጥሩ ነው። ብላ አሁን፤ ሽሮውን ትሁኔ ናት የለቀመችልኝ።» ጎረስኩ፤ ጠጠር አልነበረበትም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እትዬ ትሁኔ ገል ይዘው እሳት ሊወስዱ ሲመጡ ቶሎ አይመለሱም ነበር። ሁለቱ ሞት እስኪለያቸው ድረስ ሲጨቃጨቁ ኖሩ። እትዬ አንጓች የመጨረሻ ዓመቶቻቸው ላይ ፀሐይና ጥላ እንኳን አይለዩም፤ ስባሪ ግን ከእሳቸው ጣት አላመለጠም። ሞጣም አልሄዱም።

ሁለቱም ካረፉ ቆዩ፤ ስማቸውን ለውጬ ነው የጻፍኩት። አምና ለማርያም በዓል ወደዚያው ወጣሁ። ዛሬ መንገዱ ጥሩ ነው፤ ሮብ ገበያ በሚኒባስ ተደርሶ ከዚያ በባጃጅ ይወጣል። የኔ ትምህርት ቤት ፎቅ ሆኗል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ኅብስቱ ከሚጋገርባት ከቤተልሔም አጠገብ፣ ሁለት ወጣት ሴቶች ነጠላቸውን አመሳቅለው አስረው ስንዴ ይለቅማሉ፤ ስልኮቻቸው ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዷ በዓይን ትለቅማለች። ሌላዋ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ምነው ጨፈንሽ ልጄ?» አልኳት።

«ሥርዓቱ ነው፣ አባባ። አንዷ በዓይን፣ አንዷ በጣት። ስባሪ በጣት ነው የሚወጣው።»

«ስባሪም ጉድፍ ነው?»

«እዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ ነው!» አለች ሌላዋ። «ሌላ አጥቢያ ያሳልፉታል አሉ። እኛ ጋ አያልፍም።»

የጨፈነችው አንድ ዓይኗን ከፈተች። «አስተማሪ ነበሩ አይደል? አባቴ ነግሮኛል። ለምንድን ነው የሚጨፈነው? አንዳንዱ ለትሕትና ነው ይላል፣ አንዳንዱ ዓይን ስለሚያታልል ነው ይላል። ትርጉሙ ምንድን ነው?»

ዕድሜ ልኬን ማንም ሳይጠይቀኝ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። አሁን ተጠየቅኩ፤ መልሱን የማውቀውም ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ብናገር የእትዬ አንጓች ዓይን፣ ያን ሁሉ ዘመን ከእኛ ከጥቂቶቹ በቀር ማንም ያልደረሰበት፣ በዚያች ግቢ መሀል ሊሰጣ ነው።

«ሁለቱም ልክ ነው» አልኳት። «እንደለመዳችሁት አድርጉ።»

ልጅቷ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። ጣቷ ስንዴው ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።